ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሻገርሁ 7 ቀን ሆነኝ፤ ልመለስ ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለ6 ዓመታት የተጠቀምሁበትን ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ካሻገርሁት ዛሬ 7ኛ ቀኑን ይዟል። ከባዶ አልጫንሁትም፤ በአፕዴት በኩል የመጣልኝን ተቀብዬ፣ ፋይሎቼና ፕሮግራሞቼ በነበሩበት እንዳሉ ነው የተሻገርሁት። ማሽኑ 8ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። መጀመሪያ ላይ መስፈርቱን አያሟላም ተብሎ ነበር፤ ነገሩን ስከታተለው ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ከነጭራሹ የሌለ ሳይሆን ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ኖሮ፣ እሱን ስከፍተው ፍተሻውን አለፈ።

መልካሙን ላስቀድም። ላፕቶፑን ከውጭ ሞኒተር ነቅዬ መልሼ ስሰካው፣ ቀድሞ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ይጠብቁኝ የነበሩት መስኮቶች አሁን እያንዳንዳቸው ወደ ነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ። የመስኮት ማሳደጊያዋን ምልክት በማውስ ጠጋ ስላት የሚዘረጋው የአቀማመጥ ምርጫም ሁለትና ሦስት ሰነድ ጎን ለጎን አድርጌ ለማመሳከር እጅግ ተመችቶኛል። ፎልደሮችን እንደ ብራውዘር በታብ መክፈት መቻሉ ደግሞ ቀደም ብሎ መምጣት የነበረበት ነገር ነው።

ቅሬታዬ ግን ከምስጋናዬ ይበልጣል። ፓስወርዴን አስገብቼ ዴስክቶፑ ከታየ በኋላ ለ4 ደቂቃ ያህል የምጫነው ነገር ሁሉ መልስ አይሰጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማራገቢያው ሊነሣ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ይጮኻል። በዋይፋይ የተያያዘው ባለ ስካነር ፕሪንተሬ ያትማል፤ ስካን ላድርግ ስል ግን የስካነሩ ፕሮግራም መሣሪያውን አላገኘሁትም ይለኛል። ፋይል ላይ ቀኝ ክሊክ ሳደርግ ቀድሞ በአንድ ጊዜ የማገኛቸው ትእዛዞች ግማሾቹ ጠፍተው፣ እነሱን ለማግኘት ሌላ ዝርዝር መክፈት ግድ ሆኖብኛል። በመጨረሻም ምንም አዲስ ነገር ሳልጭን ከዲስኬ 24 ጊጋባይት ቦታ ጎድሎ አገኘሁት።

ወደ ነበርሁበት ለመመለስ የተሰጠው ጊዜ 10 ቀን ብቻ መሆኑን አንብቤአለሁ። እንግዲህ 3 ቀን ቀርቶኛል ማለት ነው። ከእኔ ቀድማችሁ የተሻገራችሁ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ የመጀመሪያ ሳምንት ግርግር ነውና ያልፋል ትሉኛላችሁ ወይስ ጊዜው ሳያልፍብኝ ልመለስ? ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1

ውድ ጠያቂ፣ ዝርዝሩን ጥሩ አድርገው ስላቀረቡት ለመርዳት ቀላል ሆኖልኛል። በእኔ ግምት አራቱ ቅሬታዎችዎ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአንድ ሚዛን ከመዘኗቸው ውሳኔው ይበላሽብዎታል። የማሽኑ መንቀራፈፍና የስካነሩ መጥፋት መንስኤ ተፈልጎላቸው የሚታከሙ ችግሮች ናቸው። የቀኝ ክሊኩ ጉዳይ የልማድ ነው። የጎደለው 24 ጊጋባይት ግን ጭራሽ ብልሽት አይደለም፤ መመለሻዎ እሱ ነው። ሲሻገሩ የቀድሞው ስርዓት «ዊንዶውስ ኦልድ» በተባለ ፎልደር ውስጥ ዲስክ ሲ ላይ ይቀመጣል፤ ልመለስ ሲሉ የሚመለሱት ከዚያ ፎልደር ነው፤ 10ኛው ቀን ሲያልፍ ደግሞ ስርዓቱ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቦታ ላስለቅቅ ብለው ዛሬ የዲስክ ማጽጃውን ከፍተው የቀድሞውን ዊንዶውስ እንዳይሰርዙት አደራ። ሳይወስኑ በገዛ እጃቸው በሩን የዘጉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ስለ መንቀራፈፉ የሚከተለውን ያድርጉ። ነገ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍተው ዴስክቶፑ እንደታየ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የፕሮሰሰሩን ዓምድ አንዴ፣ የዲስኩን ዓምድ ሌላ ጊዜ እየተጫኑ ከላይ የሚመጣውን ስም ይመዝግቡ። ከላይ የሚያዩት የፍለጋ ማውጫ አዘጋጅ ከሆነ አያስጨንቅዎት፤ ከሽግግር በኋላ ፋይሎችዎን ሁሉ እንደ አዲስ እየቆጠረ ይመዘግባል፤ ማሽኑን ከቻርጀር ጋር አያይዘው አንድ ሌሊት ሳያጠፉ ቢተዉት ሥራውን ጨርሶ ያርፋል። ከላይ የሚያዩት ግን ከአሮጌው ስርዓት አብሮ የተሻገረ ፕሮግራም ከሆነ፣ በተለይ አንቲቫይረስ ከሆነ፣ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ሳሉ የአፈጻጸም ገጹን ከፍተው ፕሮሰሰሩን ይጫኑና «አፕ ታይም» የሚለውን ቁጥር ያንብቡ። ማሽኑ ሳያቋርጥ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚናገር ቁጥር ነው። ሁልጊዜ ማታ ሹት ዳውን እያደረጉ እንደሚተኙ እገምታለሁ፤ ቁጥሩ ግን ቀናት ሊልዎ ይችላል። ይህ የሚሆነው «ፋስት ስታርት አፕ» በተባለው አሠራር ምክንያት ነው። ሹት ዳውን ሲሉት የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ የስርዓቱን እምብርት አያጠፋውም፤ የነበረበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና ጠዋት ያንኑ መልሶ ያነሣዋል። ድራይቨር (መሣሪያን ከስርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አንዴ ከተሳከረ እንደተሳከረ ያድራል ማለት ነው። በእውነት ከእንደገና የሚጀምረው ሪስታርት ሲሉት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው የተገላቢጦሹን ስለሆነ፣ «ስንት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም» የሚለው እሮሮ ሲደጋገም ይሰማል።

ስካነሩን በተመለከተ፣ ዋይፋዩ ከሽግግሩ በኋላ እንደ «ፐብሊክ» አውታር ተመዝግቦ እንደሆነ ይመልከቱ። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ከፍተው የያዙትን ዋይፋይ ዝርዝር ሲያዩ፣ ፐብሊክና ፕራይቬት የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ያገኛሉ። በፐብሊክ ላይ ካለ ኮምፒውተሩ በአካባቢው ካሉ መሣሪያዎች ይሸሸጋል፤ የቤትዎ አውታር ከሆነ ወደ ፕራይቬት ይለውጡት። ያም ካልሠራ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ አስወግደው፣ ለዊንዶውስ 11 የወጣውን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርደው እንደ አዲስ ይጫኑት።

መልስ 2

ከላይ ለተሰጠው መልስ አንድ ነገር ልጨምር። መመለስ የሚለው ምርጫ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ጋር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ከዚያ ወዲህ ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው የደኅንነት ማሻሻያ በተለየ ምዝገባ የሚገኝ ሲሆን፣ የተወሰነለትም እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ስለዚህ ቢመለሱ የሚመለሱት የሚያውቁት ቤት ቢሆንም ዘበኛው ወደ ወጣለት ቤት ነው። ኢንተርኔት ለማይገናኝ ማሽን ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ የባንክ ሒሳብ ለሚከፈትበት ማሽን ግን እኔ አልመክረውም።

የ10 ቀኑን ገደብ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ አለ። ጊዜው ከማለፉ በፊት በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከተከፈተ የትእዛዝ መስጫ መስኮት ላይ፣ ዲዝም በተባለው መሣሪያ ገደቡን እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። 10ኛው ቀን ካለፈና ፎልደሩ ከጠፋ በኋላ ግን ማራዘም ዋጋ የለውም። ለመመለስ ከወሰኑም ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ በሚለው መንገድ ይገባሉ፤ የግል ፋይሎችዎ ይቀመጣሉ፣ ከተሻገሩ ወዲህ የጫኗቸው ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ግን ይሄዳሉ። ያም ሆኖ ባክአፕ ሳይዙ አይሞክሩት።

መልስ 3

እኔ ከሁለቱም መልስ ሰጪዎች በአንድ ነገር እለያለሁ። በአሮጌ ስርዓት ላይ አዲስ መደረብ የደከመ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ ለ6 ዓመት የተጠራቀመ ፕሮግራም፣ ድራይቨርና ቅንብር ሁሉ አብሮ ይሻገራል። አንድ በአንድ መንስኤ እየፈለጉ ሳምንት ከሚያጠፉ፣ ፋይሎችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠው፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ መጫኛውን አዘጋጅተው ከባዶ ቢጭኑት ግማሽ ቀን ይበቃዎታል። ሦስት ላፕቶፖች በዚህ መንገድ አሻግሬ አንዱም አላስቸገረኝም።

ነገር ግን ከባዶ ከመጫንዎም ሆነ ባዮሱን እንደገና ከመንካትዎ በፊት የዲስክዎን ምስጠራ (ፋይሎች ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ የሚያደርገውን አሠራር) ይመልከቱ። ዲስኩ ተመስጥሮ ከሆነ፣ ባዮስ ላይ የሚደረግ ለውጥ ማሽኑ ሲነሣ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ይችላል። ቁልፉ በእጅ ከሌለ ፋይሎቹ የሉም ማለት ነው፤ የሚለመን ሰው፣ የሚሞከር ብልሃት የለም። በተለይ 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ወዲህ ከባዶ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባበት ማሽን ላይ ምስጠራው ባለቤቱን ሳይጠይቅ በራሱ የሚጀምርበት ሁኔታ ስላለ፣ «እኔ አልመሰጠርሁትም» ማለት ማስተማመኛ አይሆንም። እርስዎ ቲፒኤሙን የከፈቱት ዲስኩ ሳይመሰጠር ከነበረ ምንም አልሆኑም፤ ከዚህ በኋላ ግን ቁልፉን አትመው ወይም በእጅዎ ጽፈው ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡት።

መልስ 4

ስለ ብልሽቱ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ ልማዱ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚመለሰው በብልሽት ሳይሆን በልማድ ተማርሮ ነውና። ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ሺፍትን ይዘው ቢጫኑ የቀድሞው ረጅም ዝርዝር ያለ ተጨማሪ እርምጃ ይከፈታል። ኮፒ፣ ከት፣ ስም መቀየርና መሰረዝ አልጠፉም፤ ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ በትንንሽ ሥዕል ተቀምጠዋል። ዓይን ጽሑፍ ሲፈልግ ሥዕሉን አልፎት ይሄዳል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስም መቀየሪያው ተሰርዟል ብዬ ለሰው ሳወራ ነበር።

ስታርት መሐል መቀመጡ ካስቸገረዎት ከታስክባሩ ቅንብር ውስጥ ወደ ግራ መመለስ ይችላሉ፤ የእኔ ምክር ግን እንደ ፈለጉ ያድርጉት ነው፤ እኔ ራሴ ለ3 ሳምንት ያህል ማውሴን ወደ ግራ ጥግ ስወረውር ከርሜ፣ ዛሬ የሌላ ሰው ዊንዶውስ 10 ላይ ስቀመጥ የምሳሳተው በተቃራኒው ሆኗል።

የምታነቡት አስተያየት መቼ እንደተጻፈም ልብ በሉ። ይህ ስርዓት የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ነው። ያን ጊዜ ፋይልን ጎትቶ ታስክባሩ ላይ ባለ ፕሮግራም ላይ መጣል አይቻልም ነበር፤ በ2022 ተመለሰ። የአንድ ፕሮግራም መስኮቶች በአንድ ምልክት ሥር ተጠቅልለው እንጂ ተለያይተው ከነስማቸው መታየት አይችሉም ነበር፤ በ2023 ተመለሰ። በታብ የሚከፈተው ፎልደር፣ እርስዎ ያመሰገኑት፣ በመጀመሪያው ስሪት ላይ አልነበረም። በ2021 የተጻፈ ምሬት አንብቦ ዛሬ መፍራት ተገቢ አይደለም፤ በዚያው ልክ፣ የዛሬ ቅሬታ ሁሉ ነገ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅም ሞኝነት ነው።

የጠያቂው ምላሽ (ከ2 ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባልሁትን በቅደም ተከተል አድርጌ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ «አፕ ታይም»ን ሳነብ 8 ቀን ከ9 ሰዓት ይላል። በየምሽቱ ሹት ዳውን እያልሁ እተኛ ስለነበር መጀመሪያ ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ሪስታርት አድርጌ ስመለስ ቁጥሩ ከዜሮ ጀመረ፤ ማራገቢያውም ትንሽ ረገብ አለ፤ ማሽኑ ግን አሁንም ይጎተት ነበር። የዲስኩን ዓምድ ተጭኜ ስመለከት ከላይ የወጣው ስም ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ፈቃዱ ካበቃ ዓመታት ያለፉት፣ ከታስክባሩ ጥግ ምልክቱ እንኳ የማይታይ፣ ከነመኖሩም የረሳሁት ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የራሱ መከላከያ ስላለው ያለ ስጋት አስወገድሁት። ከዚያ ወዲህ ዴስክቶፑ በታየ በ40 ሴኮንድ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ አዲሱን ስርዓት ስረግመው የነበረው በአሮጌው ጥፋት ነው።

ስካነሩ በግማሽ ተፈትቷል። እንደተባለው ዋይፋዩ ፐብሊክ ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ ወደ ፕራይቬት ስለውጠው መሣሪያው ወዲያው ታየ። ሆኖም አብሮት የመጣው የስካን ፕሮግራም ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ ለአዲሱ ስርዓት የተዘጋጀ ስሪትም አምራቹ አላወጣለትም። ለጊዜው ከዊንዶውስ ጋር ባለው የስካን ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፤ ብዙ ገጽን በአንድ ሰነድ ማጠቃለል ላይ ግን እንደ ቀድሞው አልተመቸኝም።

ቀኝ ክሊኩን በሺፍት መክፈት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እጄ ለምዶታል። የምስጠራውን ገጽ ስከፍት ዲስኬ ያልተመሰጠረ ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲመሰጠር አድርጌ 48ቱን አኃዝ በወረቀት ጽፌ ከፓስፖርቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 (በድጋሚ)

እንኳን ደስ አለዎት። መልስ 3 ላይ ለተሰጠው ምክር ያለኝን አክብሮት ሳልቀንስ፣ ከባዶ መጫን የመጀመሪያ መፍትሔ መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ከባዶ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ አንቲቫይረሱ አብሮ ይጠፋና ችግሩ ይፈታል፤ የዋይፋዩ ጉዳይ ግን ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ አዲስ የሚገናኙት አውታር እንደ ፐብሊክ መመዝገቡ የተለመደ ነውና። ያን ጊዜ «ከባዶ ጭኜም ስካነሬ አልሠራም፤ ስርዓቱ ነው የተበላሸው» ብለው ይደመድሙ ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። በወር ወይም በሩብ ዓመት አንዴ ብቻ የሚሠሩት ሥራ አለ? 10 ቀን የዕለት ተዕለት ሥራን ለመፈተን ይበቃል፤ በወር አንዴ የሚከፈት ፕሮግራም ግን በ10 ቀን ውስጥ ላይከፈት ይችላል። እኔን ያስቸገረኝ እንዲህ ያለው ነበር፤ ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ካለፍሁ በኋላ በ5ኛው ሳምንት የከፈትሁት የቆየ የመለያ ካርድ አንባቢ አልሠራ ብሎኝ፣ መመለሻው በሌለበት ሰዓት ስፈልገው ነበር።

የጠያቂው ምላሽ

ጥያቄዎ በሰዓቱ ደረሰልኝ። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ መግለጫ የማወጣበት፣ ከተጻፈ 12 ዓመት ያለፈው አንድ ፕሮግራም አለኝ፤ ከተሻገርሁ ወዲህ አንድም ቀን አልከፈትሁትም። መልእክትዎን አንብቤ ስከፍተው ተነሥቷል፤ ሪፖርቱን ወደ ፕሪንተር ልልክ ስል ግን የቀድሞውን ፕሪንተር በስሙ እየፈለገ ቆመ። ምናልባት ፕሪንተሩን በቀድሞ ስሙ ብሰይመው ይሠራ ይሆናል፤ እሱን ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

እስከዚያው መልስ 2 ላይ እንደተገለጸው የመመለሻውን ገደብ ወደ 30 ቀን አራዝሜዋለሁ፤ ሪከቨሪ የሚለው ገጽ ላይ የመመለሻው ቁልፍ አሁንም ይታያል። 24 ጊጋባይቱ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ይለቀቅ።

መልስ 2 (በድጋሚ)

የፕሪንተሩን ስም ሲመልሱ ክፍት ቦታውንና የሰረዙን ምልክት ጭምር እንደነበረው ይጻፉ። እንዲህ ያሉ የቆዩ ፕሮግራሞች የሚያነጻጽሩት ፊደል በፊደል ነው፤ አንድ ክፍት ቦታ ብትጎድል ሌላ መሣሪያ ነው ብለው ያልፉታል።

የጠያቂው ምላሽ

በቀድሞው ስም መጨረሻ ላይ «ኮፒ 1» የሚል ነበረበት። ያንኑ አክዬ ስሰይመው ሪፖርቱ ታተመ።